ቀንድ አውጣ የማትበላዋ ሴት

ክዋቤና ታቺን የሰደበው የአክስቱ ልጅ አሞአቴንግ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ጫካው ለቀንድ አውጣ ለቀማ በተከፈተ በአራተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ በዱአም መንደር አደባባይ ካለው የጥላ ዛፍ ሥር። አሞአቴንግ የተጠበሰ ሙዝ እያላመጠ ነበር፤ አፉ ውስጥ ያለውን እንኳ ሳይውጥ ነው የተናገረው። አርባ ያህል ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር፣ ታቺ ከአርባው የሠላሳ አንዱን ስም ይጠራል። ማን አንገቱን እንደደፋ፣ ማን ቅጠል የሚቆጥር ይመስል ወደ ዛፉ እንዳንጋጠጠ፣ ማን እንደሳቀ ያውቃል። የሳቀችው የአንጥረኛው ሚስት ናት። ሳቋ አምልጧት ነው፤ ወዲያው አፏን በመዳፏ ከደነችው። ከአሞአቴንግ ንግግር ይልቅ ያቺ መዳፍ ናት ታቺን ውስጥ ውስጡን የበላችው። ሰው አፉን የሚከድነው የሚያውቀው ነገር ሲኖር ነው።

ታቺ ስድብ የሚረሳ ሰው አልነበረም። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጦ ሲያቋርጥ፣ መምህሩ «ለዚህ ጭንቅላት ቅርጫት ይበቃዋል» ያለውን ከነቀኑ ያስታውሳል። የሚስቱ ወንድም «እህቴ ጭስ ጭስ ከሚሸት ሰው ጋር አታረጅም» ብሎ ይዟት ሲሄድ የለበሰውን ልብስ ቀለም ያስታውሳል። እነዚህን ጥርሱን ነክሶ አሳልፏቸዋል። ጥርስ መንከስ የሚያዋጣው ግን ስድቡ ስድብ ብቻ ሲሆን ነው። የቅዳሜው መሬት የሚያሳጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በዱአም ልማድ ጫካው ተዘግቶ ይከርምና ዝናቡ መሬቱን ሲያርስ የናና ደወል ይመታል። ናና የሚሉት የመንደሩን አለቃ ነው። ከደወሉ በፊት አንዲት ቀንድ አውጣ ያነሳ እንደ ሌባ ይቆጠራል። ከደወሉ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቤት ከአያት በወረሰው መሬት ላይ ይሰማራል፤ በአራተኛው ቀን ሁሉም የለቀመውን አደባባይ አምጥቶ ይዘረግፋል፣ ሲሶው ለናና ይነሳል። የዚያን ቀን የታቺን ክምር የሚያክል አልነበረም። እንደ ነብር የተዥጎረጎሩ፣ ከጎልማሳ ጭብጥ የሚበልጡ ቀንድ አውጣዎች እርስ በርስ እየተሳቡ፣ ለሃጫቸውን እየጎተቱ፣ ከክምሩ ጫፍ ሊያመልጡ ሲሉ ልጃገረዶች በእግራቸው ይመልሷቸዋል። የቤቱ ታላቅ፣ የታቺ አጎት ንያርኮ በምርኩዙ ተደግፎ መጣና ክምሩን ዞረው። ንያርኮ ወሬ የሚያበዛ ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ሰው እየሰማ፣ የወንዝ ዳሩን መሬት የሚያውቀው ይህ እጅ ነው፣ እኔ ስሄድ መሬቱ ራሱ እጁን ይፈልገዋል አለ። ሰው ሁሉ ገባው። ታቺም ገባው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቃት ቃል ነበረች። ደስታው ግን ሙዙ ተላምጦ እስኪያልቅ እንኳ አልቆየለትም።

«መልካም ነው አጎቴ» አለ አሞአቴንግ። «እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አያቱ አፍራኮማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የቀንድ አውጣ ድስት ሲጣድ ከግቢ ወጥታ ታስታውክ ነበር አሉ። የልጅ ልጇ ደግሞ የለቃሚ አውራ ሆነልን። ሆድ እንዴት ያለ ነገር ነው?»

ይህን ነው ያለው። አንድ ቃል አልጨመረም። ያቺ ሴት ሳቀች፣ መዳፏ ወደ አፏ ሄደ።

በዱአም ቀንድ አውጣ የማይበላ ማን ነው? ሕፃን ጡት ሲተው መጀመሪያ የሚልሰው መረቋን ነው። ሟች ሲቃረብ ምን አማረህ ቢሉት ቀንድ አውጣ በዘንባባ ፍሬ ወጥ ይላል። ይህችን ፍጡር አይቶ የሚያስታውክ ሰው እሷ በሌለችበት አገር ያደገ ነው፤ ከጫካው ባሻገር፣ ከሰሜን፣ ሣር እንጂ ዛፍ ከማይበቅልበት፣ መሬቱ ስድስት ወር ከሚሰነጠቅበት። የሣር አገር ሰዎች ደግሞ በአያቶች ዘመን ወደ ዱአም በምን ሁኔታ እንደመጡ ሁሉም ያውቃል። በእግራቸው ነው የመጡት፣ አንገታቸው በገመድ ተያይዞ። ተሸጠው። ልጆቻቸው ከገዢው ቤት ስም ተቀበሉ፣ ከአንድ ድስት በሉ፣ ዘመድ ተባሉ። ሕጉም ይህን ሸፈነው፦ አጥንት አይቆጠርም። የማንንም ትውልድ ከየት መጣ ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሰው በግ ያርዳል፣ ናና ፊት በግምባሩ ይደፋል። በድሮው ጊዜ አንገቱን ነበር የሚሰጠው ይላሉ። ጥሩ ሕግ ነው። ክፋቱ፣ አጥንት አይቆጠርም የሚለው ሁሉም ሰው በልቡ ቆጥሮ የጨረሰውን ነው።

ንያርኮ ልጅ አልወለደም ማለት አይደለም፤ ወልዷል፣ ግን በዚያ አገር ሰው የሚወርሰው ከእናቱ ወንድም እንጂ ከአባቱ አይደለም። የንያርኮ ወራሾች የእህቶቹ ልጆች ናቸው። አንዷ እህቱ የአሞአቴንግ እናት ናት፣ እሷ ሞታለች። ሌላዋ የታቺ እናት ፖማ ናት፣ እሷም «እህቴ» የምትባል፣ በዚያው ግቢ ያደገች። ፖማ ትበልጣለች፣ ታቺ በመሬቱ ላይ ሠርቷል፤ ስለዚህ መሬቱ ለታቺ ይገባል። ፖማ እውነተኛ እህት ከሆነች። የተገዛች ሴት ልጅ ከሆነች ግን ልጇ የሚወርሰው ከቤቱ የደም ወራሽ ሁሉ አልቆ ሲያበቃ ነው፤ አሞአቴንግ ደግሞ ገና አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጥርሱ እንኳ አልተነቀነቀም።

አሞአቴንግ መሬቱን ለምን እንደፈለገው የተሰወረ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ የራሱ የነበረውን ጫካ ጨፍጭፎ ካካዎ ተክሎበታል። ጥሩ ቤት ሠርቷል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ነገር ግን ትልልቆቹ ዛፎች ሲወድቁ ፀሐይ መሬቱን መታችው፣ ቅጠሉ ደረቀ፣ ቀንድ አውጣዎቹም አለቁ። ዛሬ እዚያ ቅርጫት ይዞ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የነጣ ባዶ ቅርፊት ነው፤ ሲረግጡት እንደ ሸክላ ይሰበራል። ዱአም ውስጥ ያልተነካ የቀረው የንያርኮ የወንዝ ዳር ነው። እዚያ የወደቀው ቅጠል እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል፣ አፈሩ እንደ ሊጥ ነው። በደረቁ ወራት ቀንድ አውጣዎቹ አፈሩ ውስጥ ገብተው አፋቸውን እንደ ኖራ በነጣ ክዳን ይደፍናሉ፣ ሦስትና አራት ወር እህል ውሃ ሳይሉ ይተኛሉ። ታቺ የትኛው የዛፍ ሥር ስንት እንደያዘ ያውቃል። ትንንሾቹን አያነሳም። እንቁላላቸውን ባየ ጊዜ፣ የአተር ፍሬ ይመስላል፣ አፈር መልሶበት ቅጠል ይጎትትበታል። ማንም አላስተማረው። ማንም አላመሰገነውም። መሬቱ ግን በየዓመቱ መለሰለት፣ ለታቺ በሕይወቱ የሚመልስለት እሱ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጎቱ ዘንድ ገባ። ንያርኮ ተጋድሞ ነበር፣ ሳሉ እንደገና ተነስቶበታል። ታቺ ቆሞ፣ አሞአቴንግ አጥንት ስለቆጠረ በናና ፊት በመሐላ ሊያቆመው እንደሚፈልግ ነገረው። ሽማግሌው፣ ዝም አይነቅዝም አለ። ሰው ሲቆፍር የሚደበቅ ነገር እንደሌለ፣ ሰው ዝም ሲል ደግሞ የማይረሳ ነገር እንደሌለ፣ የዝናቡ ወር ሳያልቅ የአደባባዩ ነገር ከአፍ ጠፍቶ እንደሚያድር ነገረው። ታቺ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ አፍራኮማ ከየት እንደመጣች። አጎቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔን እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቀኝ» አለ። «ሕጉ ለአሞአቴንግ ብቻ የተሠራ መሰለህ?»

ሰኞ ማለዳ ታቺ ወደ ጫካው ካምፕ ሄደ። ሴቶቹ በለቀማው ወር ከመንደር ወጥተው የቅጠል ዳስ ሠርተው ይከርማሉ፤ ወንዶቹ የለቀሙትን እነሱ ከቅርፊቱ ያወጣሉ፣ ለሃጩን በሎሚና በአመድ ያጥባሉ፣ በስንጥር ሰክተው በጭስ ላይ ያደርቃሉ። እናቱ ፖማ ብቻዋን ነበረች፣ ሌሎቹ ውሃ ወርደዋል። በጉልበቷ መሃል የቅርፊት ክምር፣ በእጇ የእንጨት ሹል። ሹሉን ከቅርፊቱ አፍ ታስገባና ስትጠመዝዘው ሥጋው ቅርፊቱን ጥሎ ይወጣል። ዓይኗ በጭስ ብዛት የፈዘዘ ስለሆነ የሚሠራው ጣቷ ነው። ታቺ ከጎኗ ተቀመጠ፣ ሹል አነሳ፣ አብሯት መሥራት ጀመረ። ወሬው ደርሷታል። ካምፕ ውስጥ ወሬ ከቅርጫት ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

እሱ ሳይጠይቃት ነው የጀመረችው። አፍራኮማ ስሟ አይደለም አለችው። ስሟን ማንም አያውቀውም፣ እሷ ራሷም መጨረሻ ላይ ረስታው ነበር። ዕድሜዋ ዘጠኝ ወይም አሥር ሲሆን ከሣር አገር ገበያ በአንድ ሸክም በሚታኘክ የኮላ ፍሬ ተገዛች። የገዛት የንያርኮ አያት ወንድም ነው። ዱአም በገባችበት ቀን የሰጧት የመጀመሪያ ምግብ ቀንድ አውጣ ነበር፤ ሊያስደስቷት አስበው ነው፣ እንግዳ ነች ብለው ትልቁን መረጡላት። እሷ ግን የምትንቀሳቀስ ምላስ መሰላት። ተፋችው። መቱዋት። በማግስቱ ሰጧት፣ ተፋችው፣ መቱዋት። እንዲህ እያሉ ዝናቡ አለቀ። ከዚያ ተውዋት፤ ቀንድ አውጣ የማትበላዋ ሴት ብለው ስቀው ተውዋት።

«አንቺስ?» አላት ታቺ። «አንቺ እኮ ትበያለሽ።»

«እኔን ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ራሷ አበላችኝ» አለች ፖማ። እጇ አላረፈም። «ፊቷን አዙራ፣ በመዳፏ አፌን ይዛ፣ እስክውጥ ድረስ። ‹ብይ፣ ብይና ሰው ሁኚ› እያለችኝ። ከዋጥኩ በኋላ ወጥታ አስታወከች። እኔ የበላሁትን እሷ ነው ያስታወከችው። እንግዲህ ልጄ፣ አንተን እዚህ ለማድረስ ይህ ሁሉ ተውጧል። አሁን ናና ፊት ቆመህ አውጣው ብትባል ምን ልታወጣ ነው?»

ታቺ እውነቱ አልተጠየቀም አላት። ሕጉ የሚጠይቀው አሞአቴንግ ተናግሯል ወይስ አልተናገረም የሚለውን ብቻ ነው። ሚሲዮን ቤት የተማራትን ትንሽ ፊደል ይዞ ሕግ እንደ መዝገብ ይመስለው ነበር፤ ተራ ቁጥሩ ያለ፣ ማንም ቢገልጠው ያው ገጽ የሚወጣ። ፖማ አልተከራከረችውም። ሥጋውን በስንጥር ላይ እየሰካች፣ በሰካችው ቁጥር ስንጥሩን ወደ ጭሱ እየገፋች፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አለች። «የተማርከው ሦስት ዓመት ነው» አለችው። «እኔ እዚያ ግቢ ስልሳ ዓመት ተምሬያለሁ።»

ሲመለስ አጎቱን ብሶት አገኘው። ንያርኮ ትራስ ተደራርቦለት ተቀምጧል፣ ትንፋሹ ከደረቱ ሳይሆን ከጉሮሮው ነው የሚመጣው። ሌሎቹን ከክፍሉ አስወጣቸውና ታቺን አስጠጋው። ነገ ሽማግሌዎቹን ሊጠራ ነው። የወንዝ ዳሩን መሬት በእጁ ሊያኖርለት፣ አረቄ አፍስሶ ለሙታን ሊነግርለት፣ በሁለት ቤተ ዘመድ ፊት ሊያስመሰክርለት ነው። ከዚያ በኋላ አሞአቴንግ ቢጮህ የመቃብር ጩኸት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፣ መሐላው ይቅር።

«አሞአቴንግ ያለውስ?» አለ ታቺ።

«ያለው ይቀራል። ስማኝ፣ እኔ ልሰጥህ የምችለው ማንም ያልጠየቀውን ነገር ነው። አንዴ ከተጠየቀ መስጠት ከእጄ ወጣ። ገባህ?»

ገብቶት ነበር። ታቺ ደደብ አይደለም፤ ሰው ደደብ ሲለው ኖረ እንጂ። እሺ አጎቴ ብሎ ጉልበቱን ነክቶ ወጣ። ያን ጊዜ እቤቱ ገብቶ በሩን ቢዘጋ ነገሩ ባለቀ ነበር፤ መሬቱ የእሱ፣ ዛፎቹ እንደቆሙ። ነገር ግን እግሩን ሊታጠብ ወደ ወንዙ ወረደ።

አሞአቴንግ ማዶ ካካዎው ውስጥ ሠራተኞቹን ሲያሠራ ውሎ ገጀራውን እያጠበ ነበር። ብቻውን ነው። ሁለቱ በውሃው ወዲያና ወዲህ ሆነው ተያዩ። አሞአቴንግ ሰላምታ ሰጠው፣ በደንብ፣ በወንድም ወግ። ስለ አጎታቸው ሳል ጠየቀው፣ ታቺም መለሰለት። ከዚያ አሞአቴንግ ገጀራውን በቅጠል እየጠረገ፣ ቀና ሳይል፣

«ወንድሜ፣ ቅዳሜ የተናገርኩት ከፍቶህ እንደሆነ ይቅር በለኝ። ለክፋት አይደለም» አለ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ የምለው ነው፤ እንደ አንተ ያለ አገልጋይ ለዚህ ቤት አልተወለደለትም። መሬቱ የማንም ቢሆን አንተ ከሥራው አትለይም። እኔ በሕይወት እያለሁ የሚያባርርህ የለም።»

ከልቡ ይቅርታ እየጠየቀ ይሁን ወይም እየወጋው ታቺ እስከ መጨረሻው አልለየውም። ምናልባት ሁለቱም ነው። አገልጋይ የሚለው ቃል ግን በውሃው ላይ ተሻግሮ መጣና ጆሮው ውስጥ ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ ነው እጁን ወደ መሬት ዘርግቶ፣ አሞአቴንግ አጥንት ቆጥሯል ሲል የናናን ታላቅ መሐላ የማለው። በዚያ አገር ይህ መሐላ አንዴ ከአፍ ከወጣ አይመለስም፤ የሰማው ሁሉ ለናና የመንገር ግዴታ አለበት፣ የማለው ሰውና የተማለበት ሰው ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ የተረታው ይከፍላል፣ ስሙም ይወድቃል። አሞአቴንግ ገጀራውን ከወገቡ አስገባ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» አለ ቀስ ብሎ፣ ከዚያም ነገሩን ራሱ ለመንገር ወደ ናና ግቢ አቀና።

ንያርኮ ሲነገረው ትራሶቹን እንዲያነሱለት ጠይቆ ተጋደመ አሉ። በማግስቱ የተጠሩት ሽማግሌዎች ከበር ተመለሱ።

ችሎቱ የዋለው በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ነው። ናና በትልቁ ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል፣ አፉን አይከፍትም፤ የሚናገርለት ከጎኑ በትረ ወርቅ ይዞ የቆመ፣ የናና አፍ የሚባል ሽማግሌ አለ። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ። ፖማ ከካምፕ ተጠርታ መጥታለች፣ ከኋላ ረድፍ ላይ ናት፣ ጣቶቿ ዛሬም በአመድ ነጥተዋል። የአንጥረኛው ሚስት በፊተኛው ረድፍ። ታቺ እንደ ወጉ ጫማውን አውልቆ፣ ልብሱን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ጠቅልሎ፣ ባዶ ደረቱን ቆመ። ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ሳምንቱን ሙሉ ብቻውን ሲለማመደው ከርሟል። ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ፣ በጥላ ዛፉ ሥር፣ በአርባ ሰው ፊት ብሎ ጀመረ፣ የሠላሳ አንዱንም ስም ጠራ። ስሞቹ ሲጠሩ ባለቤቶቻቸው አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። ሲጨርስ ከወንዶቹ በኩል የመስማማት ማጉረምረም ተሰማ። በደንብ ተናግሯል። በሕይወቱ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም፣ ሰውም እንዲህ አዳምጦት አያውቅም።

የናና አፍ ወደ አሞአቴንግ ዞረ። አሞአቴንግ ይክዳል ብሎ የጠበቀ ብዙ ነበር። አልካደም። ያለውን ከነቃሉ ደገመው፣ ድስቱንም፣ ማስታወኩንም፣ ሆድ እንዴት ያለ ነገር ነው ያለውንም።

«ይህን ብያለሁ» አለ። «አንዲት አሮጊት ቀንድ አውጣ አትበላም ነበር አልኩ። የኔ ታላቅ እህት ዓሣ አትበላም። የአንጥረኛው እናት ፍየል ሲጠበስ ራሷን ያማታል። ስለ ሰው ሆድ መናገር ተከልክሎ ከሆነ ይነገረኝና ልክፈል። አጥንት ቆጥረሃል ለሚለኝ ወንድሜ ግን፣ የትኛውን አጥንት ነው የቆጠርኩት? ያሳየኝ።»

ማጉረምረሙ ቆመ። ናና ጎንበስ ብሎ በሽማግሌው ጆሮ ተናገረ፣ ረጅም ጊዜ። የናና አፍ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በኋላ ጥያቄውን እንዲያለዝብ ናናን ለምኖት ነበር የሚሉ አሉ። በትሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

«ታቺ፣ ናና እንዲህ ይልሃል። ሕጉ የታወቀ ነው፣ አጥንት የቆጠረ በግ ያርዳል። ይህ ሰው ግን ስለ ምግብ ተናገርኩ ይላል፣ የተናገረውም ምግብ ነው። ቆስያለሁ ያለ ሰው ቁስሉን ያሳያል። አንዲት ሴት ቀንድ አውጣ ባትበላ አንተን የሚያሰድብህ እንዴት ነው? የማልከው አንተ ነህ፣ አንተ አስረዳን።»

ታቺ አፉን ከፈተ። ሳምንቱን ሙሉ ካዘጋጀው ንግግር ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንድም ቃል አልነበረም። ስድብ አይደለም ቢል በከንቱ ምሏል፣ ተረታ። ስድብ ነው ቢል ለምን ይባላል፤ ለምን የሚለው መልሱ ደግሞ አንዲት ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ፣ አንድ ሸክም ኮላ፣ አንገት ላይ የታሰረ ገመድ ነው። አሞአቴንግ ያልተናገረውን እሱ በራሱ አፍ ሊናገር ነው። አጥንቱን ቆጣሪው እሱ ሊሆን ነው፣ የእናቱንም አብሮ፣ እሷ እዚያ ተቀምጣ እየሰማች። ትበላ ነበር ብሎ ቢዋሽስ? የአፍራኮማን ድስት የሚያስታውሱ አምስት አሮጊቶች በግራ በኩል ተደርድረዋል። አንድ በአንድ አያቸው። ሁሉም ወደ መሬት ያያሉ። በዚያ አደባባይ መልሱን የማያውቅ አንድ ሰው እንኳ እንዳልነበረ ያኔ ገባው፤ ናናም ያውቃል፣ የናና አፍም ያውቃል፣ እሱን ብቻ ነው የሚጠብቁት። ጠላቶቹ ቢሆኑ ይቀለው ነበር። አብዛኞቹ ግን የሚያዝኑለት ነበር የሚመስሉት፣ ጥርሱን እንደሚያመው ልጅ አፉ እስኪከፈት የሚጠብቁት።

«ታቺ» አለ የናና አፍ።

ታቺ ወገቡ ላይ የጠቀለለውን ልብስ ፈታ። ናና ፊት ትከሻን መሸፈን ነውር ነው፣ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ልብሱን አንስቶ በግራ ትከሻው ላይ ጣለው፣ በደንብ አስተካከለው፣ ጫማውን ተጫማ። ምሎ ሳይመልስ ከችሎት የወጣ ሰው የተረታ ነው። መሬቱ በዚያች ቅጽበት ከእጁ ወጣ፤ ከአልጋው መነሳት ያልቻለው አጎቱ ከእንግዲህ ሊሰጠው አይችልም፣ ከዝናቡ በኋላ የወንዝ ዳሩ ዛፎች መጥረቢያ ይገባባቸዋል። ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ጀርባውን የሰጠው። በሴቶቹ በኩል አለፈ። ፖማ ቀና አላለችም፣ የአመድ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣ ነበር። ከኋላው ሰው ሊነሳ ሲል ሌላው ያዘው።

የናና አፍ ስሙን ለሁለተኛ ጊዜ ጠራው፣ አሁን ከፍ አድርጎ። ሦስተኛ ሲጠራው ታቺ ከመንደሩ ወጥቶ የመኪናው መንገድ ላይ ደርሶ ነበር።